ሰፊ እይታ ያለውን ባይኖኩላር ያለ ራስ ምታት ለመጠቀም

ዝዋይ ሐይቅ ዳር አምስት ሆነን ቆመናል። ያለን ባይኖኩላር አንድ ነው። ራቅ ብሎ ካለ ደረቅ ዛፍ ላይ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ ዓሣ በል ንስር ተቀምጧል። የአክስቴ ልጅ ባይኖኩላሩን ተቀበለኝ፤ የመሀሉን ማዞሪያ ወዲያና ወዲህ አሽከረከረና «ኧረ ምንም አይታይም» ብሎ ለአጎቴ አቀበለ። አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ትንሽ አዩና «ጥቁር ጥላ ይመላለስብኛል» አሉ። ለእህቴ ደረሰ። አንድ ሁለት ደቂቃ ታገለችና «ራሴን አመመኝ፣ እንኩ» አለች። ይህን ጊዜ ንስሩ ክንፉን ዘርግቶ ሄደ።

ዕቃው ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ዓይን የተስተካከለውን እንዳለ ነው ያቀበልኳቸው። ሦስቱም ቢነኩ የመሀሉን ማዞሪያ ብቻ ነው የነኩት። ከማዞሪያው በፊት ግን የሚስተካከሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሁለቱ ቱቦዎች ርቀት፣ ዓይን የሚያርፍበት ጎማ ከፍታ፣ ከዚያ የአንዱ ዓይን ቀለበት። እነዚህ ሳይስተካከሉ ማዞሪያውን ማሽከርከር ድካም ነው። ሰፊ እይታ ያለው ባይኖኩላር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ገንዘብ የከፈላችሁበት ስፋት የሚገኘው ዓይናችሁ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ታላላቆቻችን «የጦር ሜዳ መነጽር» ይሉታል። እኔ እዚህ ባይኖኩላር እላለሁ፤ ከዓይን መነጽር ጋር እንዳይምታታብን።

የእኔው 8×42 ነው። 8 ነገሩን ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ይነግራል። 42 የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ከእነዚህ ጎን 8° ወይም «140 ሜትር በ1000 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ «420 ጫማ በ1000 ያርድ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር 140 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይታያችኋል ማለት ነው። 6° የሆነ ባይኖኩላር በዚያው ርቀት የሚያሳየው 105 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ትንሽ ወፍ ስትከተሉ ግን ወፏን በማግኘትና በማጣት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ሰፊ የሚባለው የትኛው ነው? ዲግሪውን በማጉያ ቁጥሩ አባዙ። 8 በ8 ሲባዛ 64 ነው። ውጤቱ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በተለምዶ ሰፊ ይባላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከ10× ይልቅ 8× ቢይዝ እመርጣለሁ። 10× ይበልጥ ያቀርባል፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፤ እይታውም ብዙውን ጊዜ ይጠባል። ገበያ ላይ «60×60» ወይም «100×» የሚል የተጻፈባቸው ርካሽ ባይኖኩላሮች አሉ። አንዱን እኔም ገዝቼ ተሸውጃለሁ። እውነተኛውን ቁጥር በማስመሪያ ማወቅ ይቻላል። ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ መሀል ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያችኋል። ስፋቱን ለኩ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለእሱ አካፍሉ። የፊቱ 40 ሚሊሜትር፣ ክቡ 5 ሚሊሜትር ከሆነ በእጃችሁ ያለው 8× ነው፤ ላዩ ላይ የፈለገው ይጻፍ።

ይህች የብርሃን ክብ ቀጥሎ ለምናወራው ሁሉ ቁልፍ ናት። በ8×42 ላይ ስፋቷ 5.25 ሚሊሜትር ነው። በትንሹ የኪስ 8×25 ላይ 3.1 ብቻ ነው። ዓይናችሁ የሚያየው ብሌናችሁ ይህች ክብ ላይ ሲያርፍ ነው። ክቧ ሰፋ ካለች ዓይናችሁ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ችግር የለም። ከጠበበች ፀጉር ያህል ስትንቀሳቀሱ ምስሉ ይጠፋል። የኪስ ባይኖኩላር ቶሎ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ሁለቱን ቱቦዎች ከዓይናችሁ ርቀት ጋር አስማሙ

ይኼ ቀላሉ ነው። ባይኖኩላሩን ዓይናችሁ ላይ አድርጉና በመሀሉ ማጠፊያ ቱቦዎቹን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ሁለቱ ክቦች ተገጣጥመው አንድ ንጹህ ክብ ሲሆኑ አቁሙ። ፊልም ላይ የምናየው፣ እንደ ተኛ 8 ቁጥር የተያያዘ ሁለት ክብ፣ የፊልም ነገር ነው። እንደዚያ ከታያችሁ ገና አልተስተካከለም።

ብዙዎቹ ማጠፊያ ላይ ከ56 እስከ 72 ወይም 74 የሚደርስ ቁጥር አላቸው። በብሌኖቻችሁ መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊሜትር። ቁጥራችሁን በቃላችሁ ያዙት። የልጆች ዓይን ርቀት ጠባብ ስለሆነ ትልቁ ባይኖኩላር አይዘጋላቸውም። «ምን ታየህ?» ስትሉት «ሁሉም» የሚላችሁ ልጅ ምናልባት በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው። ለልጅ ቱቦዎቹ በደንብ የሚጠጉለትን ትንሽ ባይኖኩላር ፈልጉለት።

ሁለተኛ፦ የዓይን ጎማው

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ሰፊ እይታ ያለው ባይኖኩላር የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ዓይናችሁ የሚያርፍበት ጎማ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይገባል። አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ለስላሳ ጎማ ነው። ሥራው ዓይናችሁን ከሌንሱ በትክክለኛው ርቀት ማስቀመጥ ነው። ያቺ የብርሃን ክብ የምትንሳፈፈው ከሌንሱ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ስለሆነ ብሌናችሁ እዚያ መገኘት አለበት።

መነጽር ለማያደርግ ሰው ጎማውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ጀምሩ። አሁን ብሩህ ግን ፀሐይ የሌለበትን ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ተመልከቱ። የምትፈልጉት የምስሉን ጠርዝ ነው። ክቡ ዙሪያውን በጠራ ጥቁር መስመር ተከብቦ መታየት አለበት። ሦስት ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል።

ጠርዙ ዙሪያውን ጥርት ብሎ ከታየ ጨርሳችኋል። አትንኩት።

በቱቦ ውስጥ እንደምታዩ ከሆነና የጠራው ጠርዝ ካልታየ ዓይናችሁ ርቋል። ጎማውን አንድ ደረጃ አስገቡት።

የባቄላ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ከወዲያ ወዲህ ከተንሳፈፈ ዓይናችሁ ከመጠን በላይ ቀርቧል። ጎማውን አውጡት። አጎቴ «ጥቁር ጥላ ይመላለስብኛል» ያሉት ይህንን ነው። መነጽር አድርጌ የማየው እኔ ስለሆንኩ ጎማው እስከ ታች ገብቶ ነበር፤ እሳቸው መነጽራቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው ሌንሱ ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረው።

ጎማው ላይ ዓይናችሁን አትጫኑ። የላይኛውን ጠርዝ ከቅንድባችሁ በታች ባለው አጥንት ላይ አስደግፉት። ዓይናችሁ ነጻ ሆኖ ሽፋሽፍታችሁ ሌንሱን ሳይነካ መርገብገብ አለበት። የሁላችንም ፊት አንድ ስላልሆነ ጎማው መካከለኛ ደረጃ ላይ የሚስማማው ሰው ብዙ ነው። መካከለኛው ደረጃ አልቆም ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ከሥሩ የፀጉር ላስቲክ ጠቅልሉበት። ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል።

የዓይን መነጽር ለምታደርጉ፦ ጎማውን እስከ ታች አስገቡት፣ መነጽራችሁን ሌንሱ ላይ በቀስታ አስደግፉ። ችግሩ ሰፊ እይታና ረጅም የዓይን ርቀት (በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ሳይሆን ከሌንሱ እስከ ዓይን ያለው) አብረው በርካሽ አይገኙም። መግለጫው ላይ የዓይን ርቀቱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር መሆኑን እዩ፤ 17 ወይም 18 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ 8° ብሎ የተጻፈውን ባይኖኩላር ገዝታችሁ የምታዩት 6° ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩት።

«መነጽሬን ባወልቅስ?» ካላችሁ፦ ችግራችሁ ቅርብን ብቻ ወይም ሩቅን ብቻ ማየት ከሆነ የመሀሉ ማዞሪያ ያካክሰዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን የፊት ገጽ እኩል ባለመክበቡ የሚመጣ ብዥታ) ካለባችሁ አያካክሰውም፤ መነጽራችሁን አታውልቁ። ያም ሆነ ይህ፣ ወፉን በመነጽር አይቶ፣ መነጽር አውልቆ፣ ባይኖኩላር አንስቶ ፍለጋ የሚጀምር ሰው ወፉን አያገኝም። በሁለተኛው ዙር አጎቴን «ጋሼ፣ መነጽርዎን አያውልቁት፣ እንዲሁ ያስጠጉት» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «ይኼ ጉማሬ ጆሮውን ያርገበግባል እንዴ!» አሉ።

ሦስተኛ፦ የአንዱ ዓይን ቀለበት

የሁለት ዓይናችሁ አቅም እኩል ላይሆን ይችላል። ያንን ልዩነት የሚያስተካክለው ዳይኦፕተር የሚባለው ቀለበት ነው። ብዙውን ጊዜ በቀኝ ዓይን በኩል ነው፤ አንዳንዱ ላይ መሀል ማዞሪያው ላይ ይገኛል። + እና − ምልክት አለው።

30 ወይም 50 ሜትር ርቀት ላይ የማይንቀሳቀስና ጥቃቅን ጽሑፍ ያለው ነገር ፈልጉ። የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የቆመ መኪና ሰሌዳ ጥሩ ነው። የጎረቤት መስኮት አይሁን።

የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ወይም በመዳፋችሁ ጋርዱ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ። አንዱን ዓይን ስንጨፍን ሌላው አብሮ ይጨማደዳል፤ ልኩም ይዛባል። ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ፣ በግራው እያያችሁ የመሀሉን ማዞሪያ አዙሩና ጽሑፉን አጥሩት።

አሁን የግራውን ጋርዱ። የመሀሉን ማዞሪያ ከእንግዲህ አትንኩ። የቀኙን ቀለበት ወደ + እስኪደበዝዝ ድረስ አዙሩት። ከዚያ ቀስ እያላችሁ መልሱ። ጽሑፉ መጀመሪያ ጥርት ባለበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ «ትንሽ ልጨምርበት» አትበሉ። ከ+ በኩል የምንጀምረው ዓይን ሰነፍ እንዲሆን ነው። ከሌላው በኩል ከመጣን ዓይናችን ራሱ እየታገለ ያጠራዋል፤ ግማሽ ሰዓት ካየን በኋላ ግንባር ላይ የሚሰማው ሕመም የዚያ ትግል ውጤት ነው።

ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ሦስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ከቆመ ልካችሁ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ቅርብም ሆነ ሩቅ ስታዩ የምትነኩት የመሀሉን ማዞሪያ ብቻ ነው።

አያያዝ

ባይኖኩላር በቀጥታ ፊት ይዞ መቆም ያደክማል። ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ። እጃችሁን ወደ ፊት ሌንሶቹ ጠጋ አድርጉ፤ አውራ ጣቶቻችሁ ከሥር ይደግፉ። ኮፍያ ካላችሁ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶች የኮፍያው ግንባር ላይ ጫን አድርጉ፤ ንቅጥቅጡ ሲቀንስ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ከዚያ በላይ የሚረዳው መደገፍ ነው። ባሕር ዛፍ፣ የመኪና ጣሪያ (ሞተሩ ይጥፋ)፣ የተጠቀለለ ጋቢ፣ ተቀምጦ ጉልበት ላይ ክርን ማሳረፍ። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ እንደልብ አያስቆምም። እዚያ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ማየት የፈለገ ሰው ደጋግሞ የሚያየው ሣር ነው፤ ቀበሮዋም ሣሩም አንድ ዓይነት ይወዛወዛሉ። እኔን ያዳነኝ ዱላ ነው። ዱላውን መሬት ላይ ተክላችሁ፣ በግራ እጃችሁ ጫፉን ከባይኖኩላሩ ጋር አንድ ላይ ያዙ። እረኞቻችን እንዲሁ ተደግፈው ቀኑን ሙሉ የሚቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ማንጠልጠያውን አሳጥሩት። 42 ሚሊሜትር የሆነው ባይኖኩላር ከ650 እስከ 800 ግራም ይመዝናል። ሆድ ላይ ሲወዛወዝ ከዋለ ማታ አንገታችሁ ይነግራችኋል። ደረት ላይ ይረፍ። ወይም እንደ ቦርሳ በትከሻ አግድም አንግቱት።

ፈልጎ ማግኘት

ወፉን በባዶ ዓይን ካያችሁ ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ። ወደ ታች አትዩ፣ ማዞሪያ አትፈልጉ። ዓይናችሁ እዚያው ተተክሎ ባይኖኩላሩን አምጥታችሁ መሀል አስገቡት። ሰፊ እይታ የሚክሳችሁ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ብትስቱ እንኳ ወፉ ክቡ ውስጥ ይገባል።

ከገባ በኋላ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ለማየት ብሌናችሁን አታንከባሉ። ሰው ሰፊ ምስል ሲያይ ዓይኑን ወደ ዳር መወርወሩ ልማድ ነው። ያኔ ብሌኑ ከብርሃኑ ክብ ይወጣና አንዱ ጎን ይጨልማል። በዚያ ላይ በርካሾቹ ዳሩ ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም። የምትፈልጉትን በባይኖኩላሩ ወደ መሀል አምጡት። ዳሩ እንቅስቃሴ ለመያዝ ይበቃል።

ሜዳውን እየጠረጋችሁ ስታዩ ዥው የሚል ስሜት ከመጣባችሁ እንቅስቃሴያችሁ ፈጥኗል ማለት ነው። አንድ ቦታ ቁሙ፣ እዩ፣ የክቡን ግማሽ ያህል ተሻገሩ፣ እንደገና ቁሙ።

ለጓደኛችሁ ስታሳዩ «3 ሰዓት ላይ» እያላችሁ በሰዓት አቅጣጫ አትንገሩት። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲሆን የብዙ ሰው ሰዓት ቆጣሪ 9 ላይ ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። «ከዋርካው በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ» በሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ የጦር ሜዳ መነጽር መሆኑን ጥበቃዎችም ያውቃሉ። በካምፕ፣ በአየር ማረፊያና በቤተ መንግሥት አካባቢ ከቦርሳ አታውጡት። ገጠር ከሆናችሁ ደግሞ ለሚጠይቃችሁ ሰው ወፍ እያያችሁ መሆኑን ንገሩትና አሳዩት። ብዙ ጊዜ እናንተ ያላያችሁትን ወፍ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ፀሐይና ማታ

ወደ ፀሐይ በባይኖኩላር ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ ስትታይ ብዙ ሰው የግርዶሽ መነጽር ገዝቶ ነበር። ያንን መነጽር አድርጎ በባይኖኩላር ማየት ጥበቃ አይሆንም፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የፀሐይ ብርሃን ማጣሪያ የሚገጠመው በፊት ሌንሶቹ ላይ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ በጅዳ ላይ ያልፋል፤ አገር ቤት በከፊል ይታያል። ማጣሪያ ከሌላችሁ ያን ቀን ባይኖኩላሩ ቤት ይዋል።

ማታ ግን ሰፊ እይታ ዋጋው ይታወቃል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ሰባቱን ከዋክብት ፈልጓቸው። ዘለላው 2° ያህል ስለሆነ 8° ውስጥ ከነጎረቤቶቹ ይገባል። ቆማችሁ አታንጋጡ፣ ጋቢ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ።

አሁንም ራሳችሁን ካመማችሁ

ሁሉን አስተካክላችሁ ሕመሙ ካልተወ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩ ይሆናል። የወደቀ ወይም ርካሽ ባይኖኩላር ላይ ያጋጥማል። የሩቅ ቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ተመልከቱ። እያያችሁ ባይኖኩላሩን ቀስ ብላችሁ ከዓይናችሁ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር አርቁት። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ተዛንፏል። ዊንጮቹን ራሳችሁ አትንኩ። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ፈተና ሱቁ በር ላይ ሞክሩት፤ ባለሱቁ ቢገረም ይገረም።

ብርድ ላይ ሌንሱ በትንፋሻችሁ ከደመነ አትጥረጉት፣ ከፊታችሁ አርቃችሁ ጠብቁት። አቧራ ካለበት መጀመሪያ በብሩሽ ወይም በእፍታ አራግፉ። አሸዋ ላይ ጨርቅ ማሸት መስታወት መፋቅ ነው። በነጠላ ጫፍ መጥረግ የለመደ እጅ ካለ ከአሁኑ ይታቀብ።

የእኛ ባይኖኩላር ከሳጥኑ ክዳን ሥር አሁን ፕላስተር ተለጥፎበታል። «እኔ 64፣ ጎማ ታች፣ ቀለበት −1። ጋሼ 68፣ ጎማ ታች፣ ቀለበት 0። እህቴ 60፣ ጎማ ላይ፣ ቀለበት +1» ይላል። የአክስቴ ልጅ ገና አልተጻፈም፤ በሚቀጥለው ስንሄድ እንለካዋለን።